ካርታ ላይ ብቻ የሚመጣው አውቶቡስ

አውቶቡሱ ካርታው ላይ መጣ። መንገዱ ላይ ግን የለም።

ጠንቋይዋ ፌርማታው ላይ ቆማ ስልኳን አየች፣ ቀና ብላ መንገዱን አየች፣ ደግማ ስልኳን አየች። ስልኩ ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ ቤተ መጻሕፍቱን አለፈች፣ ጠመዝማዛውን ጨረሰች፣ መጥታ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ቀጥ አለች። መንገዱ ላይ አንድ ብስክሌት አለፈ እንጂ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ነጥቧ ሰው እንደሚያወርድ አውቶቡስ ትንሽ ቆየችና ጉዞዋን ቀጠለች።

አጠገቧ ደብተሯን አቅፋ የቆመች ተማሪ የምታናግራት ሴት ማን እንደሆነች አታውቅም። አዘነችላት።

«አትጠብቂ እኅቴ» አለቻት። «ይሄኛው ካርታ ላይ ብቻ ነው የሚመጣው። ከረፋድ ጀምሮ ስንቴ አልፎብናል መሰለሽ።»

ጠንቋይዋ ክው ብላ ቀረች። ያቺ ነጥብ አባቷ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንያዘው። «ጠንቋይዋ» ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፣ የሾፌሮቹ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲው በትራንስፖርት ክፍል ከቀጠራት ወዲህ ሥራዋ የግቢው አውቶቡሶች አሁን በዚች ደቂቃ የት እንዳሉ የሚያሳየውን ካርታ መሥራትና መጠበቅ ነው። ግቢ ይበሉት እንጂ አገር ያህላል፤ ከዶርም ተነሥቶ በእግሩ የሄደ ተማሪ የሚደርሰው ትምህርቱ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ተማሪው አልጋው ላይ እንደተጋደመ ስልኩን ከፍቶ አውቶቡሱ መቅረቡን ያይና ይነሣል። እሷ በየመሪው ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል ጂፒኤስ ሰክታለች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ላይ «እኛ ከብት ነን ወይ ቃጭል የምታንጠለጥይብን» ብለው አኩርፈዋት ነበር። ማን የት ተገትሮ ሻይ እንደሚጠጣ ከወንበሯ ሳትነሣ ስትናገር ጊዜ ስሙን አወጡላትና ታረቁ።

ታዲያ ይሄ ሥራ ሠርተው የሚያስቀምጡት ዓይነት አይደለም። ዛሬ ያበጀችውን ነገ ሾፌር ያፈርሰዋል። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ጂፒኤሷን ይነቅላል፣ አውቶቡሱ ካርታው ላይ ጋራዥ ተኝቶ ይውላል። ሌላው መኪናውን ሲያጥብ ውሃ ያጠጣታል፣ አውቶቡሱ የዓሣ ኩሬው መሐል ገብቶ ሲዋኝ ይገኛል፤ ተማሪ ደግሞ ለቀልድ ማን ብሎት፣ ፎቶ አንሥቶ ለዓለም ይበትነዋል። መንገድ ተቆፍሮ አቅጣጫ ሲለወጥ ለካርታው የሚነግረው ሰው አይኖርም፣ አውቶቡሱን በካፍቴሪያው ማድ ቤት አሳልፎ ይነዳዋል። ይሄን ሁሉ እየተሯሯጠች የምታቃናው እሷ ናት። ደግሞ ትወደዋለች። ጠዋት ጠዋት ነጥቦቹ አንድ በአንድ ከጋራዡ ሲወጡ ስታይ ልቧ ሙቅ ይላል።

አባቷን ሁሉም «አባ ቀስታ» ነው የሚለው። ተማሪዎቹ «ከቸኮልክ በእግርህ፣ ካልቸኮልክ በአባ ቀስታ» እያሉ ይቀልዱበታል። ግን የሚሮጥ ተማሪ አይቶ ጥሎ ሄዶ አያውቅም፣ ስለዚህ እንደ አባት ይወዱታል። መሥመሩ የኮረብታው ነው። ግቢውን ዞሮ ኮረብታውን ይወጣል፤ ከጀርባው ያለው የችግኝ ጣቢያ ሲደርስ ሰዉን ያራግፍና ዛፍ ሥር አቁሞ፣ መሪው ላይ ደፋ ብሎ፣ ዓይኑን ትንሽ ከድኖ ይመለሳል። ይቺ እንቅልፉ በግቢው የታወቀች ናት።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። እቤቷ ተቀምጣ ስትሰፋ ስልኳን ከክር ማስቀመጫው ጋር አስደግፋ ባሏን በካርታ ስታየው ትውላለች። ድሮ ማታ እስኪገባ ድረስ ስትብሰለሰል የምትውል ሴት ነበረች፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሾፌር ሆኖ ማን እንቅልፍ ይወስደዋል። ካርታው ከመጣ ወዲህ ነጥቧን አየት፣ ጨርቋን ገፋ እያደረገች ሰላም አግኝታለች።

ችግሩ ከኮረብታው ጀርባ ኔትወርክ የለም። አውቶቡሱ ኮረብታውን ሲያልፍ ጂፒኤሷ ቦታውን መላክ ታቆማለች፣ ድምፁን ያጠፋል፣ ነጥቧም ግራጫ ትሆናለች። ይሄኔ እናትየው ትደውላለች። አባትሽ ገረጣ እኮ፣ ምን ሆኖ ነው ትላለች። ልጅ ኔትወርክ ነው ትላለች። በቀጣዩ ዙር እንደገና ይገረጣል፣ እንደገና ትደውላለች። ተማሪውም በበኩሉ አውቶቡሱ ጠፋ እያለ ይንጫጫል፣ የክፍሉ ኃላፊም ግራጫ ነገር ባየ ቁጥር እሷን ያስጠራታል። ጠንቋይዋ ተቀምጣ መላ መታች። አውቶቡሱ ዝም ሲል ካርታው ካለፉት ሳምንታት ልማዱ እየገመተ እንዲያስኬደው አደረገች። በዚህ ሰዓት እዚህ ይደርሳል፣ እዚህ ይቆማል፣ እዚህ ይታጠፋል፤ እንደገና ድምፁ ሲሰማ ወደ እውነተኛው ቦታ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ገደብ አበጅታለት ነበር። ዝምታው ከአንድ እንቅልፍ ካለፈ ነጥቧ ተመልሳ ትገርጣ የምትል አንዲት የኮድ መስመር ጻፈች።

ግን አባ ቀስታ እንቅልፉ አንዳንዴ ይረዝማል፣ እናትየውም ትደውላለች። አንድ ቀን ጠንቋይዋ ስብሰባ ላይ እያለች እናቷ ደጋግማ ደወለችባትና ተቆጥታ ወጣች። ቢሮዋ ገብታ መስመሯን ሰረዘቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነጥብ የሚባል ገርጥቶ አያውቅም። ኃላፊው አሁን ገና ካርታ ሆነ ብሎ አመሰገናት። እናትየው መደወል ተወች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ደስ ብሎት ተቀመጠ።

ፌርማታው ላይ በቆመችበት ቀን እናትየው ረፋዱ ላይ ደወለች። ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። አባትሽ የግፊት መድኃኒቱን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ወጥቷል፣ ብደውልለት ስልኩ ዝግ ነው አለች። ጠንቋይዋ ካርታውን አየች፤ አባቷ ስታዲየሙን እየዞረ ነው። ሲነዳ ስልኩን እንደሚያጠፋ ታውቂው የለ ብላ መለሰችላት። እውነቷን ነው፣ ያጠፋል።

በምሳ ሰዓት እናትየው ደግማ ደወለች። ጠንቋይዋ ካርታውን አየች። ነጥቧ ከካፍቴሪያው ጀርባ ቆማለች። አባ ቀስታ በዚህ ሰዓት እዚያ ጥላ ሥር ያቆምና ብቻውን ተቀምጦ ከቤት የቋጠረውን ይበላል፤ ካርታውም ይሄንን ከልማዱ ተምሯል። «ምሳውን እየበላ ነው፣ እማዬ፤ ተረጋጊ» አለቻት። ትንሽ ቆይታ ነጥቧ ስትነሣ አይታ፣ ለእናቷ ደስ ይበላት ብላ፣ በልቶ ተነሥቷል የሚል መልእክት ላከችላት። እናትየውም ተመስገን አለች።

በዚህ መሐል ስሞታ እየመጣ ነበር። ስሞታ የሚቀበለው የስምሪት ተቆጣጣሪው ነው። ይሄ ሰውዬ ካርታው ሳይመጣ በፊት በር ላይ ቆሞ አውቶቡስ የሚቆጥር፣ ሾፌር ሲዘገይ እየደወለ የሚያቃጥል ሰው ነበር። ካርታው ከመጣ ወዲህ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ተደላድሏል። አንዱ ተማሪ «አውቶቡሳችሁ ጭንቅላቴ ላይ ቆሟል፣ ግን ክብደቱ አልተሰማኝም» ብሎ ጻፈ። ተቆጣጣሪው ስክሪኑን አየ፣ አውቶቡሱ በሰዓቱ አልፏል። እናም ጠንቋይዋ ራሷ አዘጋጅታ የሰጠችውን መልስ ተጭኖ ላከ፦ አውቶቡሱ በሰዓቱ አልፏል፣ እባክዎ ወደፊት ቀደም ብለው ይገኙ። ሌላው ጻፈ፣ እሱም ይቺኑ መልስ አገኘ። የዘንድሮ ተማሪ ማርፈድ ልማዱ ነው ብሎ ተቆጣጣሪው ለራሱ አጉረመረመ።

ከሰዓት በኋላ እናትየው ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች። ድምፅዋ የለቅሶ ነው። ልቤ ፈርቷል ልጄ፣ መድኃኒቱን ሳይውጥ ውሎ አያውቅም፣ እባክሽ ውረጂና አስቁመሽ በዓይንሽ እይልኝ አለች። ጠንቋይዋ ሳቅ ብላ እሺ አለች። አስቁማው ትንሽ ልታሾፍበት፣ ለእናቷ አስደውላው ልትመለስ አስባ ወረደች። ፌርማታው ላይ ቆመች። የመጣውን አየነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ስምሪት ክፍል ገብታ አባዬ የለም አለች። ተቆጣጣሪው ምን ማለትሽ ነው፣ ይኸውልሽ እያየሁት አይደል እንዴ፣ ዶርሞቹን አልፏል ብሎ በጣቱ አሳያት። እሷ ኮምፒዩተሩን ሳብ አደረገች። ከኮረብታው መሥመር አውቶቡስ በእርግጥ የመጣውን የመጨረሻ ድምፅ ፈልጋ አወጣች። ግምቱን ሁሉ ስትገፈው አንዲት ነጥብ ቀረች፤ ኮረብታው አናት ላይ፣ ጠዋት፣ ገና ረፋድ ሳይደርስ። ከዚያ ወዲህ አባ ቀስታ አንድም ጊዜ አልተናገረም። ስታዲየሙን የዞረው፣ ምሳ የበላው፣ ዶርሞቹን ያለፈው እሷ የጻፈችው ኮድ ነው። ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ተቆጣጣሪው የሰውዬውም የአውቶቡሱም ነገር ገና አሁን ገብቶት አመዱ ቡን አለ።

የጋራዡ መካኒክ ፒክአፑን አስነሥቶ ይዟት ወጣ። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ይሆናል፣ ባትሪ ሞቶበት ይሆናል፣ አባ ቀስታ እንደሆነ ተራምዶ እርዳታ ከሚጠራ ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው ነው እያለ ሊያጽናናት ሞከረ። እሷ አትሰማውም። አንድ ነገር ብቻ በልቧ ትላለች፤ ጎማ ይሁን፣ እባክህ አምላኬ ጎማ ይሁን። ኮረብታውን ሲያልፉ ስልኳ ኔትወርክ አጣ።

አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ዛፍ ሥር ቆሟል። ጎማዎቹ ደህና ናቸው። የችግኝ ጣቢያው ጥበቃ ከጎጆው ወጥቶ ፈጠን ፈጠን እያለ መጣና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በሉ» አለ በሹክሹክታ። «ተኝቷል።»

ደግ ሰው ነው። ዛሬ ፈተና ስለሆነ እዚህ የሚመጣ ተማሪ የለም፣ የነበሩት ሁለት ልጆችም ሽማግሌ ከእንቅልፉ አንቀሰቅስም ብለው ኮረብታውን በእግራቸው ወጡት ብሎ ነገራቸው። እሱም ነፋሱ እንዳይመታው የጎኑን መስኮት በቀስታ ዘግቶለታል። ዛሬስ ጥሩ እንቅልፍ አገኘ አለ። ጠንቋይዋ ሰውዬውን ገፍታው ገባች።

አባቷ መሪው ላይ ተደፍቷል። ፊቱ ወደ በሩ ነው፣ ዓይኑ ክፍት ነው። አፉ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። «አባዬ» ስትለው ዓይኑ ወደ እሷ ዞረ። ሊናገር ፈልጎ የወጣው ቃል አይደለም፣ ጉሮሮ ውስጥ የቀረ ድምፅ ነው። ቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኑ ላይ ተጥሎ ቀርቷል፤ በግራው ልብሷን ያዛት። ከወንበሩ ሥር የምሳ ዕቃው እንደታሰረ ነበር። ጥበቃው ደጅ ቆሞ እኔ እኮ ተኝቶ መስሎኝ፣ እኔ እኮ ተኝቶ መስሎኝ ማለት ጀመረና ሊያቆም አልቻለም። እሷ አላለቀሰችም። ዕንባ የሚመጣው ነገር ሲገባ ነው፣ እሷ ገና አልገባትም። መካኒኩ አባ ቀስታን ታቅፎ ፒክአፑ ላይ ሲያስተኛው ጭንቅላቱን ያዘች፣ ሆስፒታል እስኪደርሱ አልለቀቀችም።

እናትየው ከእነሱ ቀድማ ሆስፒታል በር ላይ ነበረች፤ መካኒኩ ኮረብታውን ሲወርድ ለተቆጣጣሪው፣ ተቆጣጣሪው ለእሷ ደውለዋል። ክር በቀሚሷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የረሳውን መድኃኒት በእጇ ይዛ መጥታለች። ባሏን በአልጋ ሲያስገቡት እግር በእግር ተከተለችው። የጭንቅላት ፎቶ የሚያነሣው ማሽን ውስጥ አስገብተው አወጡት። አንዲት ወጣት ሐኪም እየተጣደፈች መጣችና ለሁለቱም አስረዳቻቸው። ደም ፈስሶ አይደለም፣ ረግቶ ሥሩን ዘግቶ ነው። የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ከተሰጠ እጅና እግሩን፣ ንግግሩንም ሊመልስለት ይችላል። ሰዓቱ ካለፈ ግን ራሱ መድኃኒቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ያፈስና ይገድለዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ንገሩኝ አለች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?

እናትየው ፈጠን ብላ መለሰች። ደስ አላት እንጂ ምን ትሆን፤ የምታውቀውን ተጠየቀች።

«ከምሳ በኋላ ደህና ነበር» አለች። «ምሳውን በልቶ ሥራ ገብቷል። ልጄ አይታዋለች፣ እሷው ናት የነገረችኝ።»

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ደርሰንበታል አለች። ነርሷን ጠርታ መድኃኒቱን አዘጋጂ አለቻት፣ ነርሷም ሮጠች። እናትየው ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ፈጣሪዋን አመሰገነች፤ ከዚያ ልጇን አቅፋ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር አለቻት። ልጅቷ በእናቷ ክንድ ውስጥ እንጨት ሆና ቆመች።

ሰው አይፍረድባት፣ ዝም ልትል አሰበች። ዝም ብትል መድኃኒቱ ይሰጠዋል። ማን ያውቃል፣ ያድነው ይሆናል። ምሳ አለመብላቱን የሚያውቅ ሌላ የለም፤ የምሳ ዕቃውን ያየችው እሷ ናት። ዝም ብትል እናቷ እንዳቀፈቻት ትቀራለች። መጋረጃው ውስጥ አባቷ አለ፣ ግራ እጁ አንሶላውን ይዟል። ነርሷ ትሪውን ይዛ ተመለሰች። መርፌውን አነሣች።

«ምሳ አልበላም» አለች ጠንቋይዋ።

ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር ሐኪሟ ምን አልሽ ብላ ጠየቀቻት። ከእናቷ ክንድ ወጣችና ደገመችው። ከምሳ በኋላ አላየሁትም፤ ከምሳ በፊትም አላየሁትም፤ ዛሬ ጨርሶ አላየሁትም አለች። የማውቀው ኮረብታውን ጠዋት መውጣቱን ብቻ ነው፣ ተሳፋሪ አውርዶ በሥርዓት አቁሟል፣ ከዚያ ወዲህ እዚያው ነበር፣ ሌላው ሁሉ ካርታው የገመተው ነው አለች። ሐኪሟ ካርታ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ከጠዋት እስከዚያች ደቂቃ ያለውን በልቧ አሰላች። ከዚያ የነርሷን እጅ ያዝ አደረገች።

«መልሺው» አለቻት። «ይሄ አይሰጠውም።»

ሌላ ልታደርግለት የምትችለውን ሁሉ እንደምታደርግ፣ በሕይወት ሊተርፍ እንደሚችል፣ የሄደው እጁና ንግግሩ ግን እንዲመለስ ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። በሰዓቱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ብላ ጀመረችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። ነርሷ ትሪዋን ይዛ ወጣች።

እናትየው አልገባትም። ትሪው የወጣበትን በር ታያለች፣ ሐኪሟን ታያለች፣ ልጇን ታያለች። ተመልሰው እንዲሰጡት ልትለምን ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። የያዘችውን የመድኃኒት ብልቃጥ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እየቆየ ነገሩ ወደ ፊቷ ወጣ፤ መጀመሪያ ግንባሯ፣ ከዚያ ዓይኗ። አልጮኸችም። በልጅነቷ አንድ ነገር ስታጠፋ እንደምትጠይቃት ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«እኔ ስደውልልሽ፣ ምሳውን እየበላ ነው ያልሽኝ ማንን አይተሽ ነው?»

«ማንንም» አለች ልጅቷ።